ስሙ ባለቤት አለው?

ካፌ ገብቶ መቀመጫ የሚፈልግ ሰው አጠገብ ያለውን «ይህ ወንበር ባዶ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ሰው አለው?» ይላል። በአነጋገሩ ባለንብረቱ ወንበሩ ነው፣ ሰውየው የወንበሩ ሀብት ሆኖ ይቆጠራል። ጥያቄው ግን በቦታው የገባ ነው። ባዶነት በዐይን ይታያል፤ ሰው ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ተጠይቆ ነው። ተቀማጩ እጁን ሊታጠብ ተነሥቶ ይሆናል። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሰው ግን አለው።

ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ማወቅ ያለበት አዲስ ጠያቂ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለተጠየቀው መልስ ከመስጠት አልፎ ሥራ ተቀብሎ የሚያከናውን «ኤጀንት» ሆኗል። «ለቡና መሸጫዬ ድረ ገጽ ክፈትልኝ» ሲባል ስም ያወጣል፤ ያወጣው ስም በሌላ ሰው ተይዞ እንደሆነም ማወቅ አለበት። ለዚህ የሚሆን አነስተኛ መሣሪያ ተሠርቶለታል፦ ስም ይቀበላል፣ መዝገብ ይጠይቃል፣ መልስ ይዞ ይመለሳል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። የቆመባቸው ቃላት ግን ወደ ኋላ ብንከተላቸው ሩቅ ያደርሱናል።

ከ«ዶሜይን» እንነሣ። ወደ እኛ በእንግሊዝኛ በኩል ገባ፤ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛ ከላቲን ወሰደው። ላቲኑ ዶሚኒዩም ነው፣ «ጌትነት፣ ባለንብረትነት»። ዶሚኒዩም ከዶሚኑስ፣ «ጌታ»፤ ዶሚኑስ ከዶሙስ፣ «ቤት»። ጌታ የተባለው እንግዲህ መጀመሪያ የቤቱ አዛዥ ነበር። የእኛው «ባለቤት» በሌላ ሥር ተነሥቶ እዚያው ደርሷል። «ባለ» የግእዙ «በዓለ» ነው፤ በዓለ ቤት፣ የቤት ጌታ። ሥሩን በ-ዐ-ለን ሴማውያን ቋንቋዎች ይጋሩታል፤ ከነዓናውያን አምላካቸውን «በኣል» ሲሉት «ጌታ» ማለታቸው ነበር። በግእዝ «ባዕል» ሀብታም፣ «ብዕል» ሀብት ነው። በአማርኛ ዐይኗ ከጕሮሮ ጠፍታ አናባቢዋ ረዘመና «ባል» ተገኘ፤ ባለሙያ፣ ባለዕዳ፣ ባለሥልጣን፣ ባለጸጋ ሁሉ ተከተሉ። «ባለቤቴ» የሚል ሰው ስለ ትዳሩ ይናገራል፤ የሰዋስው መምህር «የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?» ሲል ድርጊቱን የፈጸመውን ይፈልጋል። የዶሜይን ጥያቄ ሲፈታ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ይህ ስም ባለቤት አለው?

ስለ ስሞቹ የሚጠየቀውና የሚመልሰው ኮምፒውተር «ሰርቨር» ይባላል። ሥሩ የላቲኑ ሴርቩስ ነው፣ «ባሪያ»። የሮማ ቤት ጌታና ባሪያ፣ ዶሚኑስና ሴርቩስ፣ በአንድ መረብ ላይ እንደገና ተገናኝተዋል።

በአንዳንድ ሶፍትዌሮች የአማርኛ ገጽታ ላይ ዶሜይንን «ጎራ» ተብሎ ተተርጉሞ እናገኘዋለን። ይህ ትርጕም አይስማማኝም። ጎራ ወገንን ይለያል፣ ሰልፍን ያመለክታል፤ የማን እንደሆነ አይናገርም። «ግዛት» ይሻላል፤ የተሻለበት ምክንያትም «ገዛ» በሚለው ግስ ውስጥ አለ። ዳቦ የገዛውም አገር የገዛውም በአንድ ግስ ይነገርላቸዋል። ሥሩ ገ-ዘ-አ ነው፤ ከዚያው «እግዚእ»፣ ጌታ፤ ከእግዚእ ደግሞ «እግዚአብሔር»፣ የብሔር፣ የአገር ጌታ። በአማርኛ መጨረሻዋ አልፍ ወደቀችና «ገዛ» ቀረ። ንብረትም ሥልጣንም በአንድ ቃል የሚሰማው የላቲኑ ዶሚኒዩም ከዚህ የቀረበ አማርኛ አያገኝም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሰው «ዶሜይን ገዛሁ» ይላል እንጂ የተገዛ ዶሜይን የለም። የሚሰጠው ለተወሰነ ዘመን ነው፤ በዶት ኮምና በመሰሎቹ ከ1 ዓመት እስከ 10 ዓመት። ስለዚህ ርስት አይደለም። ርስት ከ«ወረሰ» የተገኘ ነው፤ በግእዝ በወ የሚጀምሩ ግሶች ስም ሲወልዱ ወዋቸውን ይጥላሉ፦ ወረሰ ርስት፣ ወለደ ልደት፣ ወረደ ርደት፣ ወፅአ ፀአት። (የኦሪቱ ሁለተኛ መጽሐፍ «ዘፀአት» የተባለው ከዚህ ነው፤ «የመውጣት»።) ርስት ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፣ ዘመን አይቆረጥለትም። ለዶሜይን የሚቀርበው «ጉልት» ነው። ግእዙ «ጐለተ» መደበ፣ ለይቶ ሰጠ ማለት ነው፤ ለሹም የተሰጠ ጉልት ሹመቱ ሲቀር አብሮ ይቀር ነበር። ዶሜይንም እድሳቱ ሲቀር ወደ ሰጪው ይመለሳል።

አመላለሱ ደረጃ አለው። የዶት ኮም ስም ዘመኑ ሲያልፍ ወዲያው አይለቀቅም። መዝጋቢው ድርጅት እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ከዚያ የቀድሞው ባለቤት ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ፤ በመጨረሻ ለመሰረዝ 5 ቀን ይጠብቃል። የ30 ቀኑን ጊዜ እንግሊዝኛ «ሪደምፕሽን» ይለዋል፣ ከላቲኑ ሬዲሜሬ፣ «መልሶ መግዛት»። አማርኛ ለዚህ የቤተ ክርስቲያን ቃል አለው፤ «ቤዛ»። ግእዙ «ቤዘወ» ነበር፤ በአማርኛ ዘ ወደ ዠ ለዝቦ «ተቤዠ»። የመቤዠት 30 ቀን ብንለው ትርጕሙ አይጐድልም። በእነዚህ ሁሉ ቀናት ስሙን ድረ ገጽ ላይ የፈለገ ምንም ላያገኝበት ይችላል። ወንበሩ ባዶ ነው።

ወደ «መዝገብ» ስንመጣ የቃሉ ታሪክ ይደልባል። በግእዝ መዝገብ «የተከማቸ ሀብት፣ ግምጃ ቤት» ነው፤ በወንጌሉ ብል የማይበላው ሀብት የተባለው መዝገብ ነው። ግሱ «ዘገበ»፣ አከማቸ፣ አደለበ። መ የቦታና የመሣሪያ ምዕላድ ናት፤ መዝገብ ማለት የሚዘገብበት፣ የሚከማችበት። የቃላት ግምጃ ቤትም «መዝገበ ቃላት» ተባለ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግእዝ ሥራቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ ሥራቸው ርእስ ላይ ይህን ስም አጽንተውታል። ከዚያ ትርጕሙ ዞረ፦ ሀብቱን የያዘው ቤት ሀብቱን የሚቆጥረው ጽሑፍ ሆነ። «ባሕር መዝገብ» የሚባለው ታላቁ የጽሕፈት ቤት ደብተር እዚህ ላይ ይመደባል።

አማርኛ አንድ እርምጃ ጨመረ። መዝገብ ከሚለው ስም አዲስ ግስ አወጣ፤ «መዘገበ»። ምዕላድ የነበረችው መ አሁን ከሥሩ ፊደላት አንዷ ሆና ተቈጠረች፤ ምዝገባ፣ መዝጋቢ፣ ተመዘገበ። በሦስት ፊደል የተነሣው ሥር አራት ሆነ። ጥንታዊው ሦስት ፊደልም አልሞተም፤ በጋዜጠኞች እጅ «ዘገበ፣ ዘገባ፣ ዘጋቢ» ሆኖ ተመለሰ። ያንድ ግስ ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ መ የታከለበት፣ አንዱ ያልታከለበት፤ አንዱ ስም ያስገባል፣ አንዱ ወሬ ያወጣል።

የኢንተርኔት ስሞች መዝገብ መጀመሪያ አንድ ፋይል ነበር። በአርፓኔት ዘመን የተያያዙት ኮምፒውተሮች ሁሉ ስም ሆስትስ በሚባል አንድ ዝርዝር ውስጥ ሰፍሮ፣ ካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ በኤሊዛቤት ፋይንለር በሚመራው ማዕከል ይጠበቅ ነበር። ስም የፈለገ እነርሱን ይጠይቃል፤ ሌሎች ዝርዝሩን ይገለብጣሉ። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ አንድ ዝርዝር አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ መዝገቡን የሚያከፋፍል ሥርዓት ነደፈ፤ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን ስሞች ራሱ እንዲጠብቅ። ዶት ኮም ላይ የመጀመሪያው ስም ሲምቦሊክስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1985 ተመዘገበ። የኢትዮጵያ መለያ ዶት ኢቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ተሰጠ።

የዚህ ሥርዓት ጫፍ «ሥር» ይባላል፤ ለሥርወ ቃል ወዳጅ ይህ ደስ የሚል ገጠመኝ ነው። ግእዙ «ሥርው» የዛፍንም ሥር፣ የገላንም ጅማት ይይዛል፤ አማርኛ «የደም ሥር» ሲል ይህን ሁለተኛ ትርጕም ጠብቆ ነው። ስሙ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከሥሩ ወደ ቅርንጫፉ ነው፤ ከኮም በስተቀኝ የማትጻፍ አንዲት ነጥብ አለች፣ እርሷ የሥሩ ምልክት ናት። «ነጥብ»ም ከመነሻው የቀለም ነገር አልነበረም። «ነጠበ» ማለት ጠብ ጠብ አለ፣ ተንጠባጠበ ነው፤ ነጥብ የውሃ ጠብታ ነበረ፤ ከብዕር የወደቀው ጠብታ በብራና ላይ ምልክት ሆነ።

መዝገቡን የሚጠይቀው ጥንታዊው መሣሪያ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ «ሁ ኢዝ»፣ «ማነው»። እ.ኤ.አ. በ1982 ተጻፈ፤ ስም ይላክለታል፣ የባለቤቱን ዝርዝር በተራ ጽሑፍ ይመልሳል። ጽሑፉ ከመዝጋቢ መዝጋቢ ስለሚለያይ ሰው ያነብበዋል እንጂ ማሽን ይቸገርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ምትኩ ታወጀ፤ አህጽሮቱ «አርዳፕ» ነው። መልሱ በታወቀ ቅርጽ የተዋቀረ ነው፤ ስሙ ከሌለ በድረ ገጽ ሁሉ የምናውቀውን 404 ቍጥር ይመልሳል። እ.ኤ.አ. ከጥር 28 ቀን 2025 ጀምሮ በዶት ኮምና በመሰል ዘርፎች ሁ ኢዝን የማቅረብ ግዴታ ቀርቶ አርዳፕ ተተክቷል። ለኤጀንት የተሠራ ጥሩ መሣሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

ሰነፍ መሣሪያ ግን አቋራጭ ይወስዳል። የስም ሰርቨሩን ጠይቆ «እንዲህ የሚባል የለም» ሲባል «ያልተያዘ ነው» ብሎ ይደመድማል። ስም ተመዝግቦ ሰርቨር ሳይመደብለት፣ ወይም በመዝጋቢው ታግዶ ሊቆይ ይችላል። መዝጋቢው ለራሱ ያስቀራቸው ስሞችም አሉ፤ ባለቤት የላቸውም፣ ግን አይሰጡም። አርዳፕ የሌላቸው የአገር መለያዎችም አሉ። ስለዚህ የታመነ መሣሪያ መልሱ ሁለት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ «ተይዟል»፣ «አልተመዘገበም»፣ «አልታወቀም» ማለትን መቻል አለበት። ሦስተኛውን የማያውቅ መሣሪያ ሰውን ያሳስታል፤ ስሙን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካጻፈ በኋላ የሌላ ሰው መሆኑን የሚያገኝ ነጋዴ ጕዳቱ ቀላል አይደለም።

«ተይዟል» ስንል የተጠቀምንበት ግስ «ያዘ» አኀዘ ከሚለው ግእዝ የመጣ ነው። አልፍ ወደ የ ዞረች፣ ኀርም ተዋጠች፤ የዐረብኛው አኀዘ፣ የዕብራይስጡ አሓዝ፣ የአካድኛው አኃዙ ወንድሞቹ ናቸው። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ «አቬይለብል» ይላል፤ ሥሩ የላቲኑ ቫሌሬ፣ «በረታ፣ ዋጋ አለው»፣ በመጀመሪያ «የሚጠቅም» ነበር፣ በኋላ «የሚገኝ» ሆነ። የእኛው ግን ገና ከጥንቱ እጅን ያያል።

አሁን ወደ ጠያቂው። «ኤጀንት» የላቲኑ አጌሬ ልጅ ነው፤ አጌሬ መጀመሪያ ከብት መንዳት ነበረ፣ ከዚያ ማድረግ፣ መሥራት። በአማርኛ «ወኪል» እንለዋለን። የዐረብኛውን ወኪል የሚመስለው ቃል ሥሩ በግእዝም አለ፤ በግእዙ መዝሙረ ዳዊት «ተወከለ» ታመነ፣ ተማመነ ማለት ነው። በእግዚአብሔር የተወከለ ሰው ተስፋውን በእርሱ የጣለ ነው። አማርኛ አቅጣጫውን ገለበጠ፤ የሚያምነው «ተወከለ» ይባል የነበረው፣ አሁን የሚታመነው ተወከለ ተባለ። ውክልና፣ ወካይ፣ ተወካይ ከዚህ ወጡ።

ከዚህም የሚደንቅ አንድ ቃል አለን፤ «እንደራሴ»። እንደ ራሴ፤ ራስ የሚለው ጭንቅላትም ማንነትም ሆኖ። በ1909 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ ማዕረጉ የተሰጠበት ቃል ተውላጠ ስም ያለበት ነው፤ ሰጪው «እንደ እኔ» ይላል። የሕዝብ እንደራሴ ስንል ደግሞ «እኔ» የሚለው ሕዝቡ ነው። ላቲኑ ሥራን ያያል፣ ግእዙ አመኔታን፣ አማርኛው ራስን። ለማሽኑ የምመርጠው መካከለኛውን ነው፤ ወኪል። የዚህ ዘመን ወኪል ዋና ችግሩ የአመኔታ ነውና። የቋንቋ ሞዴል ስሞችን የሚያወጣው ከሥልጠናው ካስቀረው ነው፤ ሥልጠናው ያበቃበት ቀን አለው፣ መዝገቡ ግን በየደቂቃው ይለወጣል። «ይህ ስም አልተያዘም» ብሎ በሙሉ ልብ ሊናገር ይችላል፤ ያልጠየቀውን ነው የሚናገረው። መሣሪያው የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው።

«መሣሪያ» ከሠራ ነው፤ ሠራ ከግእዙ «ሠርዐ»፣ ደነገገ፣ አሰናዳ፣ በተራ አኖረ። «ሥርዓት» እኅቱ ናት። ዐ በወደቀችበት ሥራ ቀረ፣ ዐ በጸናችበት ሥርዓት። ወኪልና መሣሪያ የሚግባቡበት የታወቀው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በአንትሮፒክ ይፋ የሆነው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ነው። «ፕሮቶኮል» በግሪክ ፕሮቶኮሎን፣ ከፕሮቶስ «ፊተኛ» እና ከኮላ «ሙጫ»፤ በፓፒረስ ጥቅል መግቢያ ላይ የተለጠፈው የመጀመሪያው ቅጠል፣ ጽሑፉ ምን እንደሆነ የሚነገርበት። በዘመኑ ፕሮቶኮልም መሣሪያው ወኪሉ ፊት ሲቀርብ አስቀድሞ ስሙንና መግለጫውን ያቀርባል፤ ወኪሉ ከብዙ መሣሪያዎች መካከል አንዱን የሚመርጠው በስሙና በመግለጫው ነው። ስም አጣሪው መሣሪያ ራሱ በስሙ ይታወቃል።

«ስም» ሴማውያን ሁሉ የሚጋሩት አጭር ቃል ነው፤ ዐረብኛ ኢስም፣ ዕብራይስጥ ሼም፣ አካድኛ ሹሙ። የግእዙ ብዙ ቍጥር «አስማት» ነው፤ ትርጕሙ «ስሞች» ብቻ። በክታብ ላይ የሚጻፉት የተሰወሩ የፈጣሪ ስሞች አስማት ይባሉ ነበር፤ ጸሎቱ ኀይሉን ከስሞቹ ያገኛል ተብሎ ይታመን ስለነበር የስሞቹ ስም የድርጊቱ ስም ሆነ። አማርኛ «አስማተኛ» ሲል ብዙ ስሞች የሚያውቅ ሰው ማለቱ ነበር።

ስም የሚጋሩ ሁለት ሰዎች «ሞክሼ» ይባላሉ፤ በዶሜይን ዓለም ሞክሼ የለም። በአማርኛ ደግሞ «ሞክሼ ፊደላት» አሉን፦ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። ስሞች በግእዝ ፊደል ሲመዘገቡ እነዚህ ከባድ ጥያቄ ይሆናሉ። ኃይለ ሥላሴን እንውሰድ። ኃን አማርኛ ተናጋሪ በስድስት መንገድ ሊጽፋት ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሥን በሁለት፣ ሴን በሁለት። ባጠቃላይ 24 አጻጻፍ፣ አንድ ድምፅ። ሥርወ ቃሉ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ «ሥላሴ» ከሦስት የተገኘ፣ በግእዝ ሠለስቱ፣ ስለዚህ ፊተኛው በንጉሡ ሠ፣ ኋለኛው በእሳቱ ሰ። በአንድ ቃል ሁለቱም፣ እያንዳንዱ በቦታው። ኮምፒውተሩ ግን ሥርወ ቃል አያውቅም። ስሙን ኤክስ ኤንና ሁለት ሰረዝ ወዳለበት የላቲን ሕብረ ፊደል ሲለውጠው 24ቱ አጻጻፎች 24 የተለያዩ ስሞች ይሆናሉ፤ አንዱን ባለቤቱ ይይዛል፣ 23ቱን አጭበርባሪ ሊይዝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለኢንተርኔት ሥር የጸናው የኢትዮጵያ ፊደል ደንብ ይህን አይቶ ሞክሼዎቹን የአንድ ስም መልኮች አድርጎ ቈጠራቸው፤ አንዱ ከተሰጠ ሌላው ይታገዳል። ትግርኛ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ በድምፅ ስለሚለይ ደንቡ ለትግርኛ ጠባብ ነው። ያም ሆኖ ለአንባቢው ደኅንነት የተወሰደው ውሳኔ ትክክል ይመስለኛል። ደንቡ ግን የሚገዛው ከሥር አጠገብ ያለውን ደረጃ ነው፤ ከዚያ በታች እያንዳንዱ መዝጋቢ የራሱን ይደነግጋል። ለአማርኛ ስም የሚያገለግል መሣሪያ ስለዚህ የተጻፈለትን አንዱን ብቻ ጠይቆ መመለስ የለበትም፤ ሞክሼዎቹን ሁሉ ዘርዝሮ ይጠይቅ።

ለዚህ ሥራ አማርኛ ግስ አለው፤ «አጣራ»። ሥሩ «ጠራ» ነው፣ ጥሩ ሆነ፣ ደፍርሶ የነበረው ተለየ፤ ከግእዙ «ጸርየ»፣ ነጻ፣ ንጹሕ ሆነ፤ «ጽሩይ» «ጥሩ» ሆነ። ጸ በአማርኛ ወደ ጠ መዞሯ የታወቀ ነው፦ ጸግበ ጠገበ፣ ጸምአ ጠማ፣ ጸልአ ጠላ። ሌላ «ጠራ» ደግሞ አለ፣ በስም መጥራት፤ እርሱ ከ«ጸርሐ»፣ ጮኸ፣ ድምፁን አሰማ። አንዱ የ ጣለ፣ አንዱ ሐ ጣለ፣ ሁለቱ ሥሮች በአንድ ቅርጽ ገጠሙ። ፕሮግራም ጻፊዎች ወኪሉ መሣሪያውን «ይጠራል» ይላሉ፤ ያ ጸርሐ ነው። የተጠራው መሣሪያ ስሙን ያጣራል፤ ያ ጸርየ ነው። «ተጣራ» ላይ ሲደርሱ ሁለቱን በጆሮ መለየት አይቻልም፤ ደጅ ላይ ሆኖ ድምፁን ያሰማው ሰውም ተጣራ፣ መዝገብ ተጠይቆለት ባለቤት እንደሌለው የታወቀው ስምም ተጣራ። ጥሪ ከጸርሐ፣ ጥራት ከጸርየ ወገን ነው፤ «ስመ ጥር» ከጥሪ ወገን፣ ስሙ ብዙ የተጠራለት።